በስማርት ካርድ ላይ ያለን ዲጂታል ሰርተፍኬት በፕሮግራም ስለማግኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ሠራተኞች በስማርት ካርድ የሚገቡበትን፣ ሰነድ የሚፈርሙበትን ወይም ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበትን ሶፍትዌር ለሚጽፉ ፕሮግራመሮች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት አሠራራቸው ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ሁለት ካርዶች ነው። አንደኛው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የሚይዙት፣ ፒቪ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ካርድ ሲሆን ሁለተኛው የኢስቶኒያ ብሔራዊ መታወቂያ ነው።

ከካርዱ ውስጥ ማንበብ የሚቻለው ምንድን ነው? ማንበብ የማይቻለውስ?

ሰርተፍኬቱን ማንበብ ይቻላል፤ የግል ቁልፉን ግን በምንም መንገድ ማንበብ አይቻልም። ሰርተፍኬት በኤክስ.509 ደረጃ የተዘጋጀ ሰነድ ነው፤ በውስጡም የባለቤቱ ስም፣ ይፋዊ ቁልፉ፣ የሚያገለግልበት ዘመን እና የሰጪው አካል ፊርማ ይገኛሉ። ሰነዱ ለሌሎች እንዲታይ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ ምስጢርነት የለውም። የግል ቁልፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በካርዱ ቺፕ ውስጥ ተፈጥሮ እዚያው ይኖራል፤ ካርዱም አሳልፎ እንዲሰጠው የሚያደርግ ትዕዛዝ የለውም።

በዚህ መስክ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ይህን ልዩነት ካለመለየት የሚመነጩ ናቸው። ጠያቂው ሰርተፍኬቱን ከነቁልፉ ወደ ፋይል ገልብጦ እንደ ማንኛውም የቁልፍ ፋይል ሊጠቀምበት ያስባል፤ ፕሮግራሙ ስህተት ሲመልስለት ደግሞ ድራይቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮግራሙ ማድረግ የሚችለው ሊፈረምበት የሚገባውን ሃሽ፣ ማለትም ከሰነዱ የተሰላውን አጭር አሻራ፣ ለካርዱ አቅርቦ ካርዱ ፈርሞ እስኪመልስለት መጠበቅ ነው። ቁልፍ ወደ ሥራው አይመጣም፤ ሥራው ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

ፕሮግራሜ ከካርዱ ጋር በየትኛው መንገድ ቢነጋገር ይሻላል?

መንገዶቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱም በሌላው ላይ የተደራረበ ነው። ዝቅተኛው ፒሲ/ኤስሲ ይባላል፤ በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ሲሆን በሊኑክስ ላይ ፒሲኤስሲ-ላይት በተባለው አገልግሎት በኩል ይገኛል። በዚህ ደረጃ ፕሮግራሙ በአይኤስኦ 7816 ክፍል 4 የተደነገጉትን ኤፒዲዩ የሚባሉ የባይት ትዕዛዞች በቀጥታ ወደ ካርዱ ይልካል፤ የሚያነጋግረውን ካርድ የውስጥ አደረጃጀትም ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ፒኬሲኤስ 11 ነው። ይህ የሲ ቋንቋ መገናኛ እ.ኤ.አ. በ1995 በአርኤስኤ ላቦራቶሪዎች ወጥቶ ዛሬ ኦአሲስ በተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት ሥር የሚመራ ሲሆን፣ የካርዱ አምራች ወይም እንደ ኦፕንኤስሲ ያለ ነፃ ፕሮጀክት የሚያዘጋጀው ላይብረሪ የየካርዱን ልዩነት ሸፍኖ ለፕሮግራመሩ አንድ ወጥ ገጽታ ያቀርብለታል። ሦስተኛው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የራሱ የሰርተፍኬት ማከማቻ ነው፤ በዊንዶውስ ሲኤንጂ፣ በማክ ደግሞ ክሪፕቶቶከንኪት ካርዱን እንደ አንድ ተራ የሰርተፍኬት ምንጭ እንዲታይ ያደርጉታል።

ምክሬ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማከማቻውን ይጠቀሙ፤ በተለያዩ ሲስተሞች ላይ የሚሠራ ከሆነ ፒኬሲኤስ 11ን ይምረጡ። ወደ ኤፒዲዩ መውረድ የሚያስፈልገው ላይብረሪ ለሌለው ካርድ ሲጽፉ ወይም ችግር ሲመረምሩ ብቻ ነው።

በፒኬሲኤስ 11 ሰርተፍኬት ለማንበብ ቅደም ተከተሉ ምን ይመስላል?

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የላይብረሪውን ፋይል ይጭናል፤ ቀጥሎ ሲ_ኢኒሻላይዝን ይጠራል። ከዚያ በሲ_ጌትስሎትሊስት ካርድ የገባባቸውን ማስገቢያዎች ይጠይቅና በአንዱ ላይ በሲ_ኦፕንሴሽን የሥራ ክፍለ ጊዜ ይከፍታል። ፍለጋው ሦስት እርምጃ አለው። ዓይነቱ ሰርተፍኬት የሆነ ነገር ብቻ እንደሚፈለግ በመግለጽ ይጀመራል፣ ውጤቶቹ ይወሰዳሉ፣ በመጨረሻም ፍለጋው ይዘጋል። ብዙዎች ይህን የመጨረሻውን መዝጊያ ይዘነጉትና ቀጣዩ ፍለጋ ለምን ስህተት እንደሚመልስ ግራ ይገባቸዋል።

የሰርተፍኬቱ ባይቶች የሚገኙት ሲኬኤ_ቫልዩ በሚባለው ባሕርይ ውስጥ ነው። ጥሪው ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው ባዶ ጠቋሚ ተልኮ ርዝመቱ ብቻ ይጠየቃል፣ በሁለተኛው ደግሞ በዚያ ልክ በተዘጋጀ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ይዘቱ ይወሰዳል። የተገኘው ዲኢአር በተባለው የባይት አጻጻፍ የተቀረጸ የኤክስ.509 ሰነድ በመሆኑ ማንኛውም የታወቀ ላይብረሪ ሊተረጉመው ይችላል።

ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚጣመረውን የግል ቁልፍ ለማግኘት የሚያገለግለው ሲኬኤ_አይዲ የተባለው መለያ ነው። ሰርተፍኬቱና ቁልፉ አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ፣ ከሰርተፍኬቱ ላይ የተነበበውን መለያ ይዞ የግል ቁልፍ መፈለግ ያስፈልጋል። በስያሜ ማጣመርን አልመክርም፤ ስያሜ ለሰው ዓይን የተቀመጠ በመሆኑ በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ነገሮች ተመሳሳይ ስያሜ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

በፓይተን ለሚጽፉ ፓይኬሲኤስ11 እና ፓይተን-ፒኬሲኤስ11 የተባሉት ላይብረሪዎች ይህንኑ ቅደም ተከተል በጥቂት መስመሮች ያስኬዳሉ።

ላይብረሪው ፋይሉ በቦታው እያለ «ሊጫን አልቻለም» የሚለው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቢት ልዩነት ነው። ባለ 64 ቢት ፕሮግራም ባለ 32 ቢት ላይብረሪን መጫን አይችልም፤ የዚህ ተቃራኒውም እንዲሁ ነው። የካርድ አምራቾች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም በተለያዩ ማኅደሮች ስለሚያስቀምጡ በመጀመሪያ ማረጋገጥ የሚገባው ይህ ነው።

ሰርተፍኬቱን ለማንበብ ፒን ያስፈልጋል?

በፒቪ ካርድም ሆነ በኢስቶኒያ መታወቂያ ላይ አያስፈልግም። ፒን የሚጠየቀው በግል ቁልፉ ለመፈረም ወይም ምስጢር ለመፍታት ነው። በመሆኑም ተጠቃሚው ሰርተፍኬቱን እስኪመርጥ ድረስ ፒን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ያለ ምክንያት ፒን የሚጠይቅ ከሆነ ሰዎች ሳያስቡ መክተብን ይለምዳሉ፤ ይህ ልማድ ደግሞ አታላይ ለሚያቀርበው ሐሰተኛ መስኮት ያመቻቻቸዋል።

ፒን በስህተት ስንት ጊዜ መሞከር ይቻላል? ፕሮግራሜስ ካርዱን እንዳይቆልፍ ምን ላድርግ?

የሙከራው ብዛት በካርዱ ሰጪ ይወሰናል፤ በኢስቶኒያ መታወቂያ ሦስት ነው። ቆጣሪው ያለው በካርዱ ውስጥ በመሆኑ ኮምፒውተሩን ማጥፋትም ሆነ ካርዱን ማውጣት አይመልሰውም። ወደ ሙሉ ቁጥሩ የሚመለሰው ትክክለኛው ፒን ሲገባ ብቻ ነው፤ ሙከራው ካለቀ ደግሞ መክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ወይም ባለካርዱ ወደ ሰጪው ቢሮ በአካል መሄድ ይኖርበታል።

ይህን ነጥብ በጽኑ የማነሣው ጉዳቱን ስላየሁት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የጻፍኩት አንድ ፕሮግራም ማንኛውንም ስህተት እንደ ጊዜያዊ የግንኙነት መቋረጥ ቆጥሮ ጥሪውን ሦስት ጊዜ እንዲደግም አድርጌው ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፒኗን አንድ ጊዜ ተሳስታ ስትከትብ ፕሮግራሙ ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ሦስት ጊዜ ላከውና ካርዷ በሰከንድ ውስጥ ተቆለፈ። የሕንፃው በር፣ ኮምፒውተሯም ሆነ ኢሜይሏ የሚከፈቱት በዚያው ካርድ ስለነበር የሁለት ቀን ሥራዋ ተስተጓጎለ። ስህተቱ የእኔ ሆኖ ዋጋውን የከፈለችው እርሷ ነበረች።

ስለዚህ የፒን ማረጋገጫ ጥሪ ፈጽሞ በራሱ መደገም የለበትም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትም የቀረውን ዕድል መጠየቅ ይቻላል፤ በፒቪ ካርድ የማረጋገጫ ትዕዛዙ ያለ ፒን ባዶውን ሲላክ ካርዱ 63ሲ ብሎ የቀረውን ቁጥር በመጨረሻው አሃዝ ይመልሳል። 63ሲ2 ማለት ሁለት ዕድል ቀርቷል ማለት ነው፤ 6983 ከመጣ ግን ካርዱ ተቆልፏል። በፒኬሲኤስ 11 ቁጥሩ በቀጥታ ባይገኝም፣ ከቶከኑ (ፒኬሲኤስ 11 ካርዱን የሚጠራው በዚህ ስም ነው) መረጃ ጋር የሚመጡት ምልክቶች አንድ ጊዜ ስህተት መግባቱን፣ የመጨረሻው ዕድል ብቻ መቅረቱን ወይም ፒኑ መቆለፉን ይናገራሉ። የመጨረሻው ዕድል ብቻ ሲቀር ለተጠቃሚው በማያሻማ ቃል መንገር የፕሮግራመሩ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ጥንቃቄ ፒኑን በራሱ ሰሌዳ ላይ የሚቀበል ካርድ አንባቢን ይመለከታል። እንዲህ ያለ አንባቢ ሲኖር ቶከኑ ይህንኑ ያስታውቃል፤ ፕሮግራሙም የራሱን መስኮት ከመክፈት ተቆጥቦ ለመግቢያ ጥሪው ባዶ ፒን ማስተላለፍ አለበት።

አንድ ጊዜ ፒን አስገብቼ እያለ ለፊርማ እንደገና የምጠየቀው ለምንድን ነው?

ቁልፉ እንዲህ እንዲሆን ተደርጎ ስለተሠራ ነው። በፒቪ ካርድ ላይ ዋና ዋናዎቹ ቁልፎች አራት ናቸው፤ 9ኤ ማንነት ለማረጋገጥ፣ 9ሲ ለዲጂታል ፊርማ፣ 9ዲ ምስጢር ለመፍታት፣ 9ኢ ደግሞ ካርዱን ራሱን ለማረጋገጥ ያገለግላሉ። 9ኤ እና 9ዲ ፒኑ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በዚያው ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ይሠራሉ፤ 9ኢ ፒን አይፈልግም፤ 9ሲ ግን ከእያንዳንዱ ፊርማ በፊት ፒን ይጠይቃል። ፊርማ የባለቤቱን ፈቃድ የሚገልጽ ተግባር በመሆኑ፣ ሰውየው ከጠረጴዛው ሲነሣ ካርዱ በአንባቢው ውስጥ ስለቀረ ብቻ በስሙ ሌላ ሰነድ እንዳይፈረም የተደረገ ጥበቃ ነው።

በፒኬሲኤስ 11 እንዲህ ያለው ቁልፍ ሁልጊዜ ማረጋገጫ የሚጠይቅ መሆኑን በባሕርይው ያሳውቃል። ፕሮግራሙ የፊርማውን ሥራ ካስጀመረ በኋላ፣ ሃሹን ከመላኩ በፊት፣ ለዚያ ተግባር ብቻ የሚያገለግለውን የመግቢያ ዓይነት ተጠቅሞ ፒኑን ማቅረብ አለበት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ «ተጠቃሚው አልገባም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ፕሮግራመሩም ገብቻለሁ እያለ ሲከራከር ይውላል። መቶ ሰነድ በአንድ ጊዜ ማስፈረም የሚፈልግ ድርጅት ፒኑን በማኅደረ ትውስታ ይዞ መቶ ጊዜ ከመላክ ይልቅ ለዚህ ተግባር የተዘጋጀ የአገልጋይ ቁልፍ ቢጠቀም የተሻለ ነው።

በዊንዶውስ ላይ በዶትኔት እንዴት ላገኘው እችላለሁ?

ካርዱ ሲገባ የሰርተፍኬት ማሠራጫ የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት ሰርተፍኬቶቹን ወደ ተጠቃሚው የግል ማከማቻ ይገለብጣል። በመሆኑም ኤክስ509ስቶር የተባለውን ክፍል በአሁኑ ተጠቃሚ ሥር ከፍቶ «ማይ» የሚባለውን ማከማቻ ማንበብ በቂ ነው። ለፊርማ የድሮውን ፕራይቬትኪ ባሕርይ ትቶ ጌትአርኤስኤፕራይቬትኪ ወይም ጌትኢሲዲኤስኤፕራይቬትኪ የተባሉትን መጥራት ይገባል፤ የድሮው በዶትኔት ፍሬምወርክ ላይ ሲኤንጂን አያውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወደ ማከማቻው የተገለበጠው ሰርተፍኬት ካርዱ ከወጣ በኋላም እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ የግል ቁልፍ እንዳለውም ሊናገር ይችላል። ቁልፉ በእርግጥ መኖሩ የሚታወቀው ሥራ ሲታዘዝ ነው፤ ያኔ ካርዱ ከሌለ ዊንዶውስ እንዲገባ የሚጠይቅ መስኮት ያወጣል። ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ እንደ አገልግሎት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን የሚያየው ሰው ስለማይኖር ሥራው በዝምታ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዶትኔትን በሊኑክስ ለሚያስኬዱ ይህ ማከማቻ ካርዱን ስለማያሳይ ፒኬሲኤስ11ኢንተሮፕ የተባለው ላይብረሪ ያስፈልጋል።

በጃቫስ?

ጃቫ ሰንፒኬሲኤስ11 የተባለ አቅራቢ አብሮት ይመጣል። ስያሜና የላይብረሪው አድራሻ የሰፈረበት አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ይዘጋጅና አቅራቢው በዚያ ይዋቀራል፤ ከጃቫ 9 ጀምሮ ይህ የሚደረገው ኮንፊገር በሚባለው ዘዴ ሲሆን በጃቫ 8 የተጻፈው አሮጌው አጀማመር እዚያ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ዓይነቱ ፒኬሲኤስ11 የሆነ ኪስቶር (የጃቫ የቁልፍና የሰርተፍኬት ማከማቻ) ተከፍቶ ፒኑ ይሰጠዋል፤ የተቀረው እንደ ማንኛውም ኪስቶር ነው። በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ዊንዶውስ-ማይ የተባለውን ኪስቶር ቢጠቀም ላይብረሪ ከመፈለግ ይድናል።

ሰርተፍኬቱን በኤፒዲዩ በቀጥታ ማንበብ ብፈልግ ምን እልካለሁ?

በፒቪ ካርድ ላይ ሁለት ትዕዛዞች ይበቃሉ። በመጀመሪያ በ00 ኤ4 04 00 የሚጀምረው የመምረጫ ትዕዛዝ፣ ኤ0 00 00 03 08 ብሎ ከሚነሣው የፒቪ መለያ ጋር ይላካል። ቀጥሎ በ00 ሲቢ 3ኤፍ ኤፍኤፍ የሚጀምረው የመረጃ መጠየቂያ ይከተላል፤ በውስጡም የሚፈለገው ዕቃ መለያ ይቀመጣል፤ ለ9ኤ ሰርተፍኬት መለያው 5ኤፍ ሲ1 05 ነው።

ሰርተፍኬት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ባይት በላይ ስለሚሆን ካርዱ በአንድ ምላሽ ላይጨርሰው ይችላል። 61 ብሎ የሚጀምር የሁኔታ ቃል የመጣ እንደሆነ ቀሪ አለ ማለት ነውና 9000 እስኪመጣ ድረስ በሲ0 ትዕዛዝ ቀሪውን መጠየቅ ይገባል። 6ኤ82 ደግሞ በዚያ ቦታ ላይ ሰርተፍኬት አልተቀመጠም ማለት ነው።

የመጣውን መረጃ እንዳለ ወደ ሰርተፍኬት ተርጓሚ ማስገባት አይቻልም። የውጭው ሽፋን 53 የሚል ምልክት አለው፤ በውስጡ በ70 ሥር ሰርተፍኬቱ፣ በ71 ሥር ደግሞ አንድ ባይት ይገኛል። ያ ባይት 01 ከሆነ ሰርተፍኬቱ በጂዚፕ የታመቀ ነው። ለብዙ ወራት በሙከራ ካርዶች ላይ ያለ ችግር የሠራ ኮድ በእውነተኛ ካርድ ላይ «የተበላሸ ሰርተፍኬት» ሲል መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባው ይህ ባይት ነው።

ፕሮግራሜ ካርዱን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ይላል። ምን ማድረግ አለብኝ?

ሌላው ፕሮግራም ካርዱን ለብቻው ከፍቶት ይሆናል፤ በሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤስሲዴሞን፣ ማለትም ጂኤንዩፒጂ የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ካርድ የሚያነጋግርበት አገልግሎት ነው። በራስዎ በኩል ካርዱን በጋራ አጠቃቀም ይክፈቱ፤ መቋረጥ የሌለባቸውን ትዕዛዞች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ አስረው ይላኩ፤ ሲጨርሱም ወዲያው ይልቀቁ።

ከድረ ገጽ ላይ በጃቫስክሪፕት ካርዱን ማግኘት ይቻላል?

ተራ ድረ ገጽ በቀጥታ አያገኘውም፤ እንዲያገኝ አለመፈቀዱም ትክክል ነው። ለመግቢያ ብቻ ከሆነ አገልጋዩ በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ) ግንኙነት ላይ የደንበኛ ሰርተፍኬት እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል፤ ብራውዘሩ ራሱ ሰርተፍኬቱን ያስመርጣል፣ ፒኑንም ያስጠይቃል። ለፊርማ ግን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራምና የብራውዘር ተጨማሪ ያስፈልጋል። ኢስቶኒያ ዌብ ኢአይዲ በሚል ስም ያዘጋጀችው ይህንኑ ነው፤ ኮዱም ክፍት በመሆኑ የራሱን ለመሥራት ለሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያጠናው የሚገባ ሥራ ነው።

ሰርተፍኬቱን ካነበብኩ ባለቤቱን አውቄዋለሁ ማለት ነው?

አይደለም። ሰርተፍኬቱ ያለ ፒን የሚነበብ በመሆኑ ማንም ሰው ቀድቶ ሊያቀርበው ይችላል። ማረጋገጫ የሚሆነው አገልጋዩ በዘፈቀደ ያወጣውን አዲስ ቁጥር ካርዱ በግል ቁልፉ ፈርሞ ሲመልስና ፊርማው በሰርተፍኬቱ ውስጥ ባለው ይፋዊ ቁልፍ ሲረጋገጥ ነው። ከዚህም ጋር የሰጪዎቹ ሰንሰለት እስከ ታማኙ ሥር ድረስ መፈተሽ፣ ዘመኑ አለማለፉ መታየት፣ ሰርተፍኬቱ አለመሰረዙም በኦሲኤስፒ (የአንድን ሰርተፍኬት ሁኔታ በኢንተርኔት በሚጠይቅ ዘዴ) ወይም በስረዛ ዝርዝር መጠየቅ አለበት።

የስረዛ ፍተሻን እንደ ትርፍ ነገር የሚያዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነውን ቢያስታውሱ መልካም ነው። በዚያ ዓመት ሮካ የተባለው ድክመት ይፋ ሲሆን፣ የኢንፊኒየን ቺፕ ላይብረሪ የሚያመነጫቸው የአርኤስኤ ቁልፎች ልዩ ቅርጽ ስላላቸው ከይፋዊው ቁልፍ ተነሥቶ የግል ቁልፉን ማስላት እንደሚቻል ታወቀ። በኢስቶኒያ ወደ 750,000 የሚጠጉ ካርዶች ይህ ችግር ነበረባቸው። አገሪቱ የይፋዊ ቁልፎቹን መዝገብ ለሕዝብ ዘግታ፣ በኖቬምበር 2017 ሰርተፍኬቶቹን አገደች፤ ካርዶቹም በሞላላ ኩርባ ሒሳብ ላይ ወደተመሠረቱ ቁልፎች እንዲታደሱ አደረገች። ስረዛን የማይጠይቅ ፕሮግራም ግን ከዚያ ቀን በኋላም የታገዱትን ሰርተፍኬቶች እንደ ወትሮው መቀበሉን ይቀጥላል።

በኢትዮጵያ የፋይዳ ካርድ ላይ ይህን ማድረግ እችላለሁ?

በዚህ መንገድ አይሆንም። የታተመው የፋይዳ ካርድ የሚይዘው ኪውአር ኮድ ነው፤ ፒኬሲኤስ 11 የሚያነጋግረው የፊርማ ቺፕ የለውም። የፋይዳ ማረጋገጫ የሚከናወነው ከማዕከላዊው ሥርዓት ጋር በመገናኘት በመሆኑ ፕሮግራሙም የሚጻፈው በሌላ አካሄድ ነው። ለዲጂታል ፊርማ ራሱን የቻለ ሕግ ግን አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ስለ ሰርተፍኬት ሰጪዎችና ስለ ፊርማው ሕጋዊ ውጤት ይደነግጋል። ሰርተፍኬቱ በስማርት ካርድ ወይም በዩኤስቢ ቶከን ላይ ተቀምጦ የተሰጠ ከሆነ፣ ከላይ የተገለጸው የፒኬሲኤስ 11 ቅደም ተከተል ለሁለቱም አንድ ነው።

ካርድ ሳይኖረኝ ኮዴን መሞከር እችላለሁ?

ይቻላል። ሶፍትኤችኤስኤም የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሙሉ የፒኬሲኤስ 11 ቶከን በፋይል ላይ ያስመስላል፤ ኮዱ የላይብረሪውን አድራሻ ከማዋቀሪያ የሚያነብ ከሆነ ወደ እውነተኛ ካርድ መሸጋገር አድራሻውን መቀየር ብቻ ይሆናል። ሆኖም ካርድ ከአንባቢው በድንገት ሲነቀል የሚሆነውን፣ የፒን መቆለፍን እና የካርዱን ዝግታ ከእውነተኛ ካርድ ውጭ ማየት አይቻልም። ለእነዚህ የማንም ሰው ያልሆነ፣ ቢቆለፍ ማንንም የማይጎዳ የሙከራ ካርድ ከሰጪው አካል ይጠይቁ፤ የሥራ ባልደረባን ካርድ ለሙከራ አይዋሱ።